እበቱ የማን ነው?

ላም አለችኝ። መርካቶ ተወልጄ፣ መርካቶ አድጌ፣ በርበሬ በረንዳ ከእናቴ ጋር ቅመም ስሸጥ የምውል ሰው ነኝ፤ ግን ላም አለችኝ። እኔ ስወለድ አባቴ አንዲት ጊደር ገዝቶ፣ አገር ቤት ጉራጌ ላሉት እህቱ በእርባታ ሰጠ። ውሉ የቃል ነው። ላሟ የእኔ፣ ወተቱና ቅቤው የአክስቴ፣ የሚወለደው እኩል። አባቴ ሞተ። የመጀመሪያዋ ላም አርጅታ ልጇ ተተካች። ውሉ ግን ማንም ሳይነካው ቀጠለ።

ፎቶዋ ስልኬ ላይ ነበር፣ ገና ሲከፈት የሚታየው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ለአረፋ አገር ቤት ስንሄድ አንገቷን አቅፌ የተነሳሁት። ጓደኞቼ "ባለሀብቷ" ይሉኛል።

ያን ሰሞን ሸማ ተራ ውስጥ አንዲት ቦታ ላገኝ ነበር። ሱቅ አይደለችም፤ ከአንዲት ሴትዮ ሱቅ በር አጠገብ አንድ መደርደሪያና አንድ በርጩማ የምታስገባ ጥግ ናት። ነጠላና ሻርፕ ልሸጥባት አስቤያለሁ። የእናቴን ሥራ ጠልቼው አይደለም። እሺ፣ ጠልቼው ነው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ከቀረ ጊዜ ጀምሮ ሲያስነጥሰኝ ነው የሚውለው። ሴትየዋ "እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንዳትቀየሚኝ" ብላኛለች። ለመግቢያ የምሰጠው ያስፈልገኛል፣ ያለኝ ደግሞ ላም ነው።

አክስቴ በዚያው ሳምንት ሳይናገሩ መጡ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ለወዛደር አሸክመው፣ በጆንያዎቹ መሀል እየተሽሎከለኩ ሱቃችን ደረሱ። ሰላምታው፣ የሞተው፣ የተወለደው፣ የታመመው ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት። የግጦሹ ሜዳ ተከለለ።"

"ማን ከለለው?"

"እኛው። መሬቱ ተግጦ ተግጦ ጎርፍ እየወሰደው ነበር። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ስታስረዳን፣ ተሰብስበን ይረፍ አልን። አሁን ከብት የለቀቀ ይቀጣል።"

"ታዲያ ምን ይበላሉ?"

"ታስረው ነው የሚበሉት። እርከኑ ዳር ላይ የዝሆን ሳር ተክያለሁ፣ እያጨድኩ አቀርብላቸዋለሁ። ግን ሳሩ ለሁለት ነው የሚበቃው። ያሉት ሦስት ናቸው፤ ላሟ፣ ጊደሯ፣ ወይፈኑ። የትኛው ይውጣ?"

"ይሄን በስልክ መጠየቅ አይቻልም ነበር?" አልኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ከብት በስልክ አይወጣም" አሉ አክስቴ፣ ሳይቀየሙ።

ሳልዞር ሳልጠመዘዝ ነገርኳቸው። ጊደሯን እርስዎ ያስቀሯት፣ ላሟና ወይፈኑ ይሸጡ፣ እኔ ቦታ ላገኝ ነው አልኩ። "ላሟም?" አሉ። ጨካኝ እንዳልመስላቸው ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። "እኔም እኮ እወዳታለሁ፣ ይኸው።"

ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። "ይቺ የማን ናት?"

"የእኔ ናታ።"

"ይቺ ቀይዋ የጎረቤቴ ናት። ያንቺማ ጥቁር ናት።"

እናቴ የኮረሪማው ጆንያ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ከጎናችን ባዶ ጆንያ የሚሸጡት ጋሼ ጆሯቸው እኛ ዘንድ ነው የሚውለው፣ ወዲያው ገቡበት። "የሰው ላም አቅፈሽ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትኮሪብን የከረምሽው?"

አፈርኩ፣ ግን አልተመለስኩም። ጥቁር ትሁን ቀይ፣ ሁለት ካልተሸጠ ቦታዋ የለችም። አክስቴ "ያንቺ ናት። ልሽጥ ካልሽ ትሸጣለች" አሉና የቆጮውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመሩ። ማሰሪያው ድሮውንም ጠብቆ ነበር።

"ምንድን ነው የሚቀርብዎት? ወተቱ ነው?"

"ወተቱስ ይቅር። እበቱ ነው።"

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ጓሮ ያለው እንሰት በእበት ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ከብቶቹ ካደሩበት ጠርገው፣ ተሸክመው፣ በየግንዱ ሥር ያለብሱታል። የሁለት ከብት እበት ጓሮውን እንደምንም ያዳርሳል። የአንድ ከሆነ ግን ለቤቱ የቀረበው ብቻ ይደርሰውና የዳር የዳሩ ቀጥኖ ይቀራል። እንሰት ደግሞ ዛሬ ቢጎዳ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ተፍቆ ቆጮ ሲወጣው ነው።

"ማዳበሪያ ቢገዙስ?"

"በምን?"

ግን አፌ አርፎ አያውቅም። "ውሉ ላይ እበት የለም" አልኩ። "ወተት አለ፣ ቅቤ አለ፣ ጥጃ አለ። እበቱ የማን ነው?"

"ግማሹን ያምጡልሽና ሸማ ተራ ደርድሪው" አለች እናቴ።

"ጆንያው ከእኔ" አሉ ጋሼ።

አክስቴም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። እበቱ የላሟ ባለቤት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ጓሮ ዕድሜዬን ሙሉ በእኔ ንብረት ሲበቅል ኖሯል። የአክስቴ ከሆነ ደግሞ፣ ላሟን ስሸጥ የእኔ ያልሆነ ነገር አብሬ እየሸጥኩ ነው። ከዚያ ደግሞ የሚመጣልን ቆጮ አለ። በየጊዜው ይመጣል፣ እንበላዋለን፣ ከየት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሂሳቡን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ።

"ሽጪ አንቺ ልጅ" አሉ ጋሼ። "ላም ላገር ቤት ሰው ነው። አንቺን የሚያኖርሽ መርካቶ ነው።"

እናቴ ሳቋን ጨርሳ ነበር። "አባትሽ ጊደሯን ለምን እንደገዛት ልንገርሽ?" አለች። "ላንቺ ብሎ አይደለም። ለእህቱ ነው። በስጦታ ቢያመጣላቸው እምቢ እንደሚሉ ያውቃል፤ በስምሽ አድርጎ አሳድጊልኝ አላቸው።"

"ወላሂ ውሸት ነው" አሉ አክስቴ። "ለልጁ ነው የገዛት። እኔ ፊት ነው የተናገረው። 'የልጄ ናት' አለ።"

"እንደዚያ ካላለማ መቼ ይቀበሉታል እርስዎ?"

"ለልጁ ነው አልኩሽ።"

እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ላሟ እንድትቀር የሚያስፈልጋቸው ሴትዮ ያንቺ ናት፣ ሽጪያት ይላሉ። ቦታ ፈልጊ፣ ከዚህ ሱቅ ውጪ ስትለኝ የኖረችው እናቴ ደግሞ ያንቺ አይደለችም ትላለች። ሁለቱም አባቴን ያውቁታል። እኔ የማውቀው ከሰው እየሰማሁ ነው። የትኛዋን ልመን?

በማግስቱ ጠዋት አክስቴን ወደ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ስለ ላሟ ምንም አላነሱም። ስለ ዝሆን ሳሩ አወሩኝ፤ ሲታጨድ ተመልሶ እንደሚበቅል፣ ሥሩ አፈሩን ይዞ ጎርፉን እንዳስቆመ። ካርታ እንደሚያሳይ ሰው በእጃቸው አየር ላይ እየሳሉ፣ እርከኑ እዚህ፣ ጓሮው እዚያ እያሉ ይሄዳሉ። ከኋላችን አንድ ሸክም የያዘ ወዛደር "ዞር በሉ፣ ዞር በሉ" ይላል፣ እሳቸው አይሰሙትም።

አውቶቡሱ በር ላይ "ወይፈኑ ይውጣ" አልኳቸው።

"ላሟስ?"

"ትቆይ።"

"ቦታሽስ?"

"አላውቅም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ሐሳቤን ሳልቀይር ይግቡ።"

ገቡ። መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን አወጡ። "እበቱንስ? ግማሹን ልላክልሽ?"

ከወይፈኑ የደረሰኝ ለቦታዋ አልበቃም። ሴትየዋም ቃሏን ጠብቃ ሳምንቱ እንዳለቀ ለሌላ ሰጠቻት። አሁን እዚያ አንዲት የእኔ እኩያ ሻርፕ ትሸጣለች። በዚያ በኩል ሳልፍ መደርደሪያውን አየዋለሁ፤ እኔ ብሆን ቀለም በቀለም እደረድረው ነበር። ደግ ሠራሁ ወይስ ተጃጃልኩ፣ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ይመስለኛል። ጋሼ ተጃጅለሻል ባይ ናቸው። እናቴን ስጠይቃት "እኔ ምን አውቄ" ትላለች፣ አባቴ ያለውን እንደዚያ አስረግጣ ስታወራ የነበረችው ሴት።

በቀደም አክስቴ በጎረቤት ስልክ ፎቶ ላኩልኝ። የታሰረች ከብት ናት፣ ጥቁር፣ ፊቷን የታጨደ ሳር ውስጥ ቀብራ ስትበላ፣ ከኋላ ነው የተነሳችው። ጀርባዋና ጭራዋ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከወዲያ የእንሰቱ ቅጠል ቤቱን ሸፍኖታል። ቀይዋን አጥፍቼ እሷን አደረግኩ።

ጓደኛዬ ስልኬን አየችና "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" አለችኝ።

"የእኔ መሰለችኝ" አልኳት።