ያፈሰስኩት ጠበል

ቁጡ ነኝ። ባሌ "አንቺ እኮ ሳትጣጂ የምትፈዪ ሴት ነሽ" ይለኛል፣ ልክ ነው። የማወራው ስለ ቁጣዬ አይደለም ግን። ስለ ዝምታዬ ነው። ተቆጥቼ ያጠፋሁትን ይቅርታ ጠይቄ አስተካክዬዋለሁ፤ ዝም ብዬ ያጠፋሁት ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።

መጋቢት ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከተማችን ቆሰበር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ያን ሰሞን ፈረቃውም ተረስቶ ቧንቧችን ከደረቀ አምስተኛ ቀኑ ነበር። በርሜላችን ተንጠፍጥፎ አልቆ፣ በመጨረሻዋ አንድ ጆግ ውሃ ድንች እየቀቀልኩ ነበር።

አማቴ ያን ዕለት ማለዳ ነው የደረሱት። ቤታቸው በዘንገና በኩል ገጠር ነው። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ሁለት ሳምንት ሩቅ ቦታ ጠበል ሲጠመቁ ሰንብተው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኛ ዘንድ አረፍ ማለታቸው ነበር። ቤታቸው ሆነው ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን የሚያብሱበት ጠበል በአምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። መሬት እንኳ አላስነኩትም። ወንበር ላይ አስቀምጠው በነጠላ ሸፈኑት።

ድስቱን ከከሰል ምድጃው አውርጄ ውሃውን ላጠልል ወደ በሩ ስዞር፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ሳበችኝ። የፈላው ውሃ እጇ ላይ ተደፋ። ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ቲማቲም መሰለ። ወይኔ ልጄን! እንዴት እንደጮኸች!

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ። ጨው ሲያልቅ እሷ ዘንድ፣ ክብሪት ሲያልቅ እኔ ዘንድ የምንል ነን። ጩኸቱን ሰምታ የጥርስ ሳሙና ይዛ እየሮጠች ገባች። አማቴ ደግሞ "ቅቤ! ቅቤ ቀቡላት! ውሃ እንዳይነካት፣ ውሃ ይቋጥርባታል!" እያሉ ጓዳውን ያምሳሉ።

አስተማሪ ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ። ካቻምና ለሦስት ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስጄ ነበር። አሠልጣኙ እስኪሰለቸን የደጋገመው ይህንኑ ነው። ሰው ሲቃጠል መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያውም ሃያ ደቂቃ ሙሉ። በረዶ አይደለም፣ ቅቤ አይደለም፣ ሊጥ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ የለም።

ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ዐረፈ።

ሳነሳው አማቴ ምን እንዳሰብኩ ገባቸው። "ኧረ ልጄ፣ ጠበል እኮ ነው! ጠበል እንዲህ አይደፋም!" ብለው እጀታውን ያዙ። መነጨቅኳቸው። እናቴን የሚያህሉ፣ ዓይናቸው አጥርቶ የማያይ ሴት፣ ከእጃቸው መንጭቄ "አሁን ዝም ይበሉ!" አልኳቸው። ጎረቤቴ አፏን በእጇ ያዘች። አማቴ ሲከፋቸው በአማርኛ አይናገሩም። ግድግዳውን ተደግፈው በአዊኛ ለራሳቸው ያጉረመርሙ ጀመር።

የልጄ እጅ ሲያብጥ እንዳያንቃት አንጓዋ ላይ ታስሮ የነበረውን ክር በመቀስ በጠስኩት። ሰውነቷን በጋቢ ጠቅልዬ እጇን ሳፋ ላይ ያዝኩና ጠበሉን በቀጭኑ አፈሰስኩ። ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን በጣሳ እየጨለፍኩ መልሼ አፈሰስኩ። አምስት ሊትሯ ሃያ ደቂቃ የበቃችው በዚህ ዘዴ ነው። የጠዋቱ ብርድ ስለገባበት ቀዝቃዛ ነበር። ሰባት ስምንት ደቂቃ ሲሆን ልጄ ጩኸቷን ትታ ወደ መነፋረቅ ወረደች። ከዚያ ታጥቦ የተተኮሰ ስስ ጨርቅ ላላ አድርጌ ሸፈንኩላት። አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል ውሃ ቋጥራ ነበር፤ እንዳትፈነዳ ተጠነቀቅኩ። እጅ ነገር ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ዐይተው፣ "ደህና አድርገሻል" ብለው፣ ጨርቁን ቀይረው መለሱን።

ስመለስ አማቴ ሳፋውን ተሸክመው፣ እግር እንዳይረግጠው ከግቢው ጥድ ሥር ጠበሉን ቀስ እያሉ ያፈስሱ ነበር። እራት አልበላም አሉ። ይቅር ይበሉኝ ማለት አቃተኝ። እሳቸውም በማግስቱ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። እሑድ ነበር፣ የግቢው ሴቶች ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ነው። ልጄን ጠርተው እጇን ዓይናቸው ሥር እስኪደርስ አስጠግተው አገላብጠው ዐዩት። ጠባሳ የለ፣ ምን የለ። እልል አሉ! "ጠበሉ እኮ ነው! ለኔ ዓይን ያመጣሁ መስሎኝ ለእሷ እጅ ኖሯል። ልጄ፣ አዝኜብሽ ነበር፤ ለካ አንቺንም እግዜር መርቶሽ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጠበሉን አላቃልልም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ያን ጠዋት ጀሪካኑን ያነሳሁት ጠበል ብዬ ሳይሆን ውሃ ብዬ ነው። "እማዬ፣ የቧንቧ ውሃ ቢኖር በቧንቧ ውሃ ነበር የማደርገው፤ የጠቀማትም ቅዝቃዜው ነው" ማለት ምን ነበረበት? ምንም አልነበረበትም። እኔ ግን ያን ምርቃት ፈለግኩት። ያን ሰሞን ሁሉ ያ መንጨቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር፣ ይቅርታው ሳልለምነው ሲመጣልኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና አሜን አልኩ።

ወሬው ግቢውን አልፎ ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቴ ስታወራው እኔ የማላውቀውን ሁሉ ትጨምርበታለች። "ጠበሉ ገና ጠብ ሲልባት ጸጥ አለች፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው!" ትላለች። እኔም ፈገግ እላለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅ! አበስኩ ገበርኩ!

ሰኔ ላይ የጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጅ የፈላ ሻይ ቀኝ እጁ ላይ ደፋ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ክፍል ስገባ ስልኬን አጠፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግቢው በር ላይ ስደርስ ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ ከባጃጅ ስትወርድ አገኘኋት። የልጁ እጅ በሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሏል።

"ምን ሆናችሁ?"

"ሻይ አቃጠለብኝ። አንቺ ዘንድ ጠበል አይጠፋም ብዬ ደወልኩ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። ቤትሽም ቁልፍ ነው። ከተማው ዳር ያለው ጠበል ድረስ ወስጄው መጣሁ። ሰልፉ ደግሞ አይጣል ነው።"

"ውሃስ አፈሰስሽበት?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ነፋስ እንኳ እንዳይነካው ጠቅልዬ ነው የወሰድኩት። ተራችን ሲደርስ ትንሽ ረጩለት።"

ሻርፑን ልፈታ ብል ሱፉ ቆዳው ላይ ተጣብቋል፣ ልጁም እሪ አለ። ሳልነካካው በመጡበት ባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያዋ ሱፉን እያራሰች ስታላቅቅ ከተቃጠለ ስንት ሰዓት እንደሆነው ጠየቀች። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ጎረቤቴ ልጁን ልታባብል ወደ ደጅ ስትወጣ ባለሙያዋ "ወዲያው ውሃ አግኝቶ ቢሆን እንዲህ ባልጠለቀ ነበር፤ ሻይ እኮ ነው" አለችኝ ለእኔ ብቻ። እኔም ያን ቃል ለጎረቤቴ ሳላደርስ ዋጥኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ ማለት ነው።

ቁስሉ መገለ። ክረምቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ ከረሙ። ሲድን ትንሿ ጣቱና አጠገቧ ያለችው ጎበጥ ብለው ቀሩ፤ ቀስ በቀስ ሲታሹ ይዘረጉ ይሆናል አሏት። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል እሷ ጣቶቹን ስታሽለት፣ እሱ "እማዬ በቃሽ" ሲላት ይሰማኛል። ባሌ ምን ሆንሽ ይለኛል፤ ራሴን ነው እለዋለሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተና ልጁ አንደኛ ክፍል እኔ ዘንድ ገባ። እርሳስ ሰጠሁት። በቀኙ ሞከረ፣ ወደቀበት። አንሥቶ በግራው ያዘና ቀና ብሎ ዐየኝ፤ እንዳልቆጣው ፈርቶ። ፊደል ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ዞርኩ፣ ግን የምጽፈው ጠፋኝ።

ያን ቀን ቤቴ እንኳ ሳልገባ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ቆሜ ነገርኳት። የእኔን ልጅ የረዳት የውሃው ቅዝቃዜ እንደነበረ፣ የቧንቧ ውሃም ያንኑ እንደሚያደርግ፣ ይህን ያን ጊዜም ዐውቅ እንደነበረ፣ አማቴ ይቅር ሲሉኝ ግን አፌን መያዜን፣ ባለሙያዋ ያለችኝንም ጭምር። ምንም አላስቀረሁም።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በሰደበችኝ! ቢላዋዋን ሰሀኑ ላይ አስቀመጠች። የሽንኩርት ይሁን የሌላ ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች።

"ያን ቀን እኮ ውሃ መጥቶ ነበር" አለችኝ፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። "ሻዩ ሲደፋበት ባልዲ እየሞላሁ ነበር። ቧንቧውን እንኳ ሳልዘጋው ነው ልጄን ይዤ ወደ ጠበሉ የሮጥኩት።"