ቀዩ ሸሚዜ የገባበት ድሪቶ

ከደካ እስከ ዋጫ አገሩ ሁሉ ቢፈለግ እንደ እኔ ቂም የሚይዝ አይገኝም። ዛሬ ቦንጋ ገበያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ "ተርርር" አድርጎ ሲቀድ ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ እማዬ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁርጥራጭ እየገጣጠመች ለእኔና ለታናሽ እህቴ ማታ የምንለብሰው ድሪቶ ስትሰፋ፣ መሃሉ ላይ ጨርቅ አጠራት። ለበዓል ያስቀመጥኩትን ቀይ ሸሚዝ አንስታ ተርርር!

"ሸሚዜን!" ብዬ ቦንጋን አናወጥኳት።

"ጠቦሃል እኮ። ሸሚዝ ያልቃል፣ ብርድ ግን አያልቅም" አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

"ብሞት አልለብሰውም!"

"እንግዲያው ንዴትህን ልበሳ፣ ካሞቀህ።"

ነገሯ ያኔ አልገባኝም፤ ሸሚዙ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እህቴን ገፍቼ ድሪቶው ውስጥ ብቻዬን ተጠቀለልኩ።