በደረቅ ምንጭ ላይ የጸለይንባቸው ዓመታት

አባቴ ሶዶ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አያቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ የጀመረው ንግድ ነው፤ እኔም ያደግሁት በጣቃ ጨርቅ መሃል ነው። ወንጌላዊ ላገባ ነው ስል እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ ደግሞ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጣቃውን መጠቅለል ቀጠለ። ሰውየውን ጠልተው አልነበረም። የወንጌላዊ ሚስት የተላከበት ትሄዳለች፤ ልጃቸው ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤት ርቃ እንደምትኖር ገብቷቸው ነው። የፈሩት አልቀረም። ከሠርጋችን ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ባለቤቴን ወደ ሁምቦ ቆላ ላከው።

ሁምቦ ከሶዶ ሩቅ አይደለም። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሙቀቱ ፊትህን ሲመታው ደርሰሃል። እኛ የተላክንበት መንደር ግን ከከተማው ወዲያ ነው፤ ዕቃችንን በአህያ ጋሪ ጭነን እኛ ከኋላው በእግራችን ሄድን። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ የባለቤቴ መጻሕፍት፣ እናቴ በግድ የጫነችብኝ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱን በዚያ አገር አንድ ቀንም ለብሰነው አናውቅም።

ጸሎት ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ጠሽ፣ ጠሽ ይላል። ከፊት ለፊቱ አንድ ኮረብታ አለ፤ በዚያን ጊዜ ድንጋይና አፈር ብቻ ነበር፤ ዛፍ የሚባል የለውም፣ እዚህም እዚያም ጉቶ ይታያል።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ሴቶቹ አሸዋውን ይምሱና ከሥር የሚያጣራውን ውሃ በቅል እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ። ተራዬ ሲደርስ ቅሉን ነክሬ ሳወጣው ግማሹ ጭቃ ሆነ። ከኋላዬ ተሳቀ። እኔ የማውቀው ወላይትኛ የገበያ ወላይትኛ ነው፤ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። የሚሉት ባይገባኝም በእኔ እንደሚስቁ ገብቶኛል። ያኔ አንዲት ቀጠን ያሉ አሮጊት ከወረፋው ወጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ቅሉን ከእጄ ወሰዱ።

"እንዲህ አይደለም" አሉኝ፣ እንዲገባኝ ቃላቱን እየለያዩ። "ቀስ በይ። ውሃውን አታስደንግጪው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ብዬ ጠራኋቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ርቀው የሄዱባቸው ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥተው ከየጉቶው የበቀለውን ቀንበጥና ሥሩን ጭምር ይቆርጣሉ፤ አስረው፣ ጀርባቸው ላይ አድርገው ሁምቦ ገበያ ይሸጡታል። የሚተዳደሩት በዚያ ነው። ወላይትኛ በትክክል ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ስሳሳት እየሳቁ፣ ሳስተካክል ደግሞ ጉልበቴን መታ እያደረጉ። ጸሎት ቤት ግን አይመጡም ነበር። ስጋብዛቸው "እኔ የእንጨት ሰው ነኝ" ብለው ያልፉኛል።

አንድ አርብ ከጸሎት ስንወጣ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ስትጸልዩ አምላክ ይሰማችኋል ይባላል። እውነት ነው?"

"ይሰማናል፣ እማማ" አላቸው። "የጠየቅነውን ሁሉ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም።"

"እሱን ተወው። ኑ፣ ተከተሉኝ።"

ወደ ኮረብታው ሥር ወሰዱን። በሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሃል የተሰነጠቀ ደረቅ አፈር አሳዩን። በሙሽርነታቸው ውሃ የሚቀዱት ከዚያ ምንጭ ነበር። "ቀዝቃዛ ነው። ጥርስ ይነካል" አሉ፣ አሁንም እንዳለ ሁሉ። "አንድ በጋ ሄደ። በክረምት ይመለሳል ስንል ቀረ። እንግዲህ እዚህ ጸልዩ።"

ሳልደብቅ ልናገር፤ አፈርኩ። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ራቅ ብለው ያዩናል። ባለቤቴ ግን ባርኔጣውን አወለቀ፣ አቧራው ላይ ተንበረከከ፣ ውሃ እንዲመጣ ለመነ። እማማ እጃቸውን አጣምረው ቆመው አዳመጡት። "አሜን" ስንል እሳቸው ትንሽ ዘግይተው "አሜን" አሉ። ከዚያም፣ "የሚቀጥለውም አርብ ትመጣላችሁ አይደል?" አሉን።

ሄድን። ከዚያም ወዲያ በየሳምንቱ ሄድን። ቀስ በቀስ እማማ ራሳቸው መጸለይ ጀመሩ፤ ግን እንደ እኛ አልነበረም። እግዚአብሔርን፣ እሳቸው ጦሳ የሚሉትን፣ ቀጠሮ እንደሚያሳልፍ ጎረቤት ያናግሩት ነበር። "ጦሳ፣ ዛሬም ቀረህ። እኔ መጥቻለሁ፤ እነዚህም መጥተዋል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።" ባለቤቴ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ይነክሳል። በኋላ ቤት ስንገባ "ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያምናሉ፤ የማይሰማ ሰው እንዲህ ተብሎ አይወቀስም" ይለኝ ነበር።

ውሃው ግን አልመጣም። ክረምት ያልፋል፣ በጋ ይመጣል፤ አሸዋ መማሱ ቀጠለ። ሰዉ "የድንጋይ ምእመናን" የሚል ስም አወጣልን። የባለቤቴ ጸሎት እያጠረ ሄደ። አንድ አርብ ተንበርክኮ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ" ብቻ ብሎ ተነሳ።

ነገሩ የተለወጠው መንደሩ ስለ ኮረብታው በተሰበሰበበት ቀን ነው። ከወረዳ የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ግራር ሥር ቆሞ፣ ጉቶዎቹ ሞተዋል ብላችሁ አታስቡ፣ ሥራቸው ከመሬት በታች በሕይወት አለ፤ ከብት ካልገባባቸውና ካልተቆረጡ መልሰው ዛፍ ይሆናሉ አለ። ኮረብታው ይከለል ነው ነገሩ። ሰው አጉረመረመ። ሽማግሌዎቹ ባለቤቴን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብለው ጠየቁት። ተነሥቶ ሐሳቡ መልካም እንደሆነ፣ እሱም እንደሚደግፍ ተናገረ።

እማማ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አሉ።

"አንተ ልጅ! እኔ ውሃ ለምንልኝ አልኩህ እንጂ እንጀራዬን ውሰድብኝ አልኩህ?"

እማማ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ስብሰባው ኮረብታው እንዲከለል ወስኖ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ እማማ ከእኛ ጋር መነጋገር ተዉ። ውሃ ስቀዳ ሰላም ስላቸው አሸዋውን ያያሉ። ያን ያህል የከበደኝ ነገር በዚያ አገር አልገጠመኝም፤ ሙቀቱም፣ ወባውም እንዲህ አልጎዳኝም። ባለቤቴ ደጃፋቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። "ይቅር ብያለሁ፤ ሂድ" አሉት፤ በሩን ግን አልከፈቱለትም። የጸሎት ቤቱ ሴቶች የበቆሎ ዱቄትና ጎመን እየያዙ በየተራ ይሄዱ ነበር። እሳቸው ተቀብለው ዕቃውን ባዶውን አይመልሱም፤ ከጓሯቸው አንድ እፍኝ ቃሪያ ጨምረው ይመልሱታል። ተረጂ መሆን እንደማይወዱ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለአባቴ ስልክ ደወልኩ። ከጣቃው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ፣ ለሻሽና ለመቀነት የሚሆነውን ላክልኝ አልኩት።

"ልጄን ለወንጌል ሰጠሁ" አለኝ፣ "አሁን ደግሞ ጨርቄን?"

"አባዬ፣ እባክህ።"

በስልኩ ጣቃ ሲያገላብጥ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ "ቀይ ነው ቢጫ የሚወዱት በዚያ አገር?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጨርቁ በአይሱዙ መጣ። ጠቅልዬ እማማ ደጃፍ አስቀምጬ ሄድኩ። በማግስቱ ጥቅሉ እዚያው ነበር። በሚቀጥለውም ቀን እዚያው። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ሁምቦ ሄጄ ጨው ስገዛ፣ ከቅመም ሻጮቹ ቀጥሎ ሻሽ ዘርግተው ተቀምጠው አየኋቸው። አንዱን ቀይ ራሳቸው አስረውታል፣ ለማስታወቂያ። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። "ቢጫውን ላኩ በይ ለአባትሽ" አሉኝ። ከዚያ በላይ አላወሩኝም፤ እኔ ግን እየዘመርኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

አርብ አርብ ወደ ምንጩ ግን አልተመለሱም። እኔና ባለቤቴ ብቻችንን እንሄድ ነበር። በዚያ መካከል ኮረብታው መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጢም ያለ አረንጓዴ ጉቶው ላይ ታየ፤ ከዚያ ቁጥቋጦ ሆነ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት የወፍ ድምፅ ከዚያ መምጣት ጀመረ። እናቴ የሰጠችኝ ብርድ ልብስ ብል በልቶት በጣልኩበት ዓመት ዛፎቹ ከሰው ቁመት በልጠው ነበር።

እናቴ የታመመችው በዚያው ዓመት ነው። ላስታምማት ሶዶ ወጣሁ። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ሾርባ ሳጠጣት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ማን ልበል?"

"ሃታ!" አለ ድምፁ። ውሃ ማለት ነው። "ሃታ! ልጄ፣ መጣ! ነይ፣ ዝም ብለሽ ነይ!" የእማማ ድምፅ ነበር። ስልኩ የጎረቤት ነው፤ ባለስልኩ ከጎናቸው "አይጩኹ፣ ይሰሙዎታል" ሲላቸው እሰማለሁ። እኔ ሳለቅስ እናቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደነገጠች። ስነግራት ሾርባውን ከእጄ ወስዳ "ሂጂ፣ እኔ አልሞትም" አለችኝ። አልሞተችም ደግሞ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ኖረች።

በማግስቱ ደረስኩ። ምንጩ ዘንድ ሰው ተሰብስቧል። በሁለቱ ድንጋዮች መሃል እንደ ጣት የቀጠነ ውሃ ይወርዳል፤ ዙሪያውን አንድ ሰው በእጁ አፈሩን ጠርጎ ትንንሽ ድንጋይ ደርድሮለታል። እማማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ከትተው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ ባርኔጣው የት እንደወደቀ አያውቅም።

"እማማ" አልኳቸው፣ "ማን ነው መጀመሪያ ያየው?"

"እኔ ነኛ። ማን ሌላ ይመጣል ቅዳሜ?"

"ቅዳሜ?"

"እናንተ አርብ ትመጣላችሁ፤ እኔ ቅዳሜ።" የማውቀው መስሏቸው ነበር። ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አላስቀሩም። ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸው። "እማማ፣ እኛን እኮ ትተውን ነበር" አላቸው።

"የተኳረፍኩት ካንተ ጋር ነው" አሉት። "ከእሱ ጋር አልተኳረፍኩም።"

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በረጠበው እጁ ሸፈነ።

የግብርና ባለሙያውም መጣ። እጁን አጥቦ ጠጣና ዛፉ ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት ስላስገባው ነው ብሎ አስረዳን። ትክክል ነው፤ ዛፎቹን ሁላችንም እናያቸዋለን። እኔም ጸሎታችን የተሰማው በዚያው በኩል ይመስለኛል፤ እኛ ውሃ ስንለምን ሰማዩን እናይ ነበር፤ መልሱ ግን በደረቀው ጉቶ ሥር ነበር። እማማንና ባለቤቴን ያኳረፈው ያ ስብሰባ የመልሱ መጀመሪያ እንደነበር ያን ቀን ማን ያውቃል? ይህን ለሌላ ሰው ላስረዳ ብሞክር ይከብደኛል። እዚያ ለነበርነው ግን ማስረጃ አላስፈለገንም።

በቀጣዩ እሑድ እማማ ጸሎት ቤት መጡ። ቢጫ ሻሽ አስረዋል። ገብተው ዙሪያውን አዩና ሄደው በወንዶቹ በኩል ከፊት ተቀመጡ። ማንም አላስነሳቸውም። ባለቤቴ ስብከቱን ሲጀምር በየመሃሉ "እውነት ነው!" እያሉ ያግዙት ነበር፤ አንዴ ደግሞ "እሱን ዝለለው፤ የውሃውን ንገራቸው" አሉት፤ ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ።

ዛሬ ሶዶ ነን። ባለቤቴ በአንድ አጥቢያ ያገለግላል፤ እኔ አባቴ ካረፈ ወዲህ ሱቁን ይዣለሁ። እማማ ከሞቱ ከርመዋል። ቀብራቸው ላይ ጓደኞቻቸው ሻሽ ነጋዴዎች ከነሸቀጣቸው ገበያ ትተው መጥተው ነበር። ውሃው አሁን በቧንቧ ተስቦ መንደሩ መሃል ወዳለው ቦኖ ወርዷል።

ባለፈው በጋ ወደዚያ ብቅ ብዬ ነበር። ቦኖው ጋ ጀሪካን የደረደሩ ወጣት ሙሽሮች ስልካቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። አሸዋ ምሰው ውሃ የጨለፉበት ቀን የላቸውም፤ እንዳይኖራቸውም ነበር የለመንነው። አንደኛዋ ላቤን አይታ በኩባያ ቀድታ ሰጠችኝ። ሳመሰግናት በወላይትኛዬ ተገርማ "ከየት ለምደሽ ነው?" አለችኝ። ከጎኗ ትንሽ ጥላ ነበር፤ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ጀሪካኗ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሌላዋ ቧንቧውን ዘጋችላት፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።