የሳሌሃ የኑግ ሳሙና

ሐሙስ፣ ሰኔ 7 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ። የሳሌሃ አሥራ ሁለተኛ ሳሙና ሳይፈላ ቀረ። የአመዱ ውሃ ከሰኞ ጀምሮ ሥሩ በተበሳው እንስራ ይንጠባጠባል፤ የኑግ ዘይቱ ተለክቶ በማሰሮ ተቀምጧል። ሳሌሃ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ያረፈችው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም።

ሳሙና ማፍላት የጀመረችው ባሏ ሸምሶ ከሞተ በኋላ ነው። የቡና ገለባና የደረቀ የእንሰት ቅጠል አቃጥላ አመዱን በውሃ ታጠልላለች። ውሃው እንቁላል ካንሳፈፈ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ከበሬ ሞራ ጋር ግማሽ ቀን ታፈላዋለች። የሚወጣው ጥቁር ሳሙና ሽታው ቢከብድም እድፍ ያስለቅቃል። አጥር የምትጋራት እሌኒም የምታጥበው በእሱ ነበር። እሌኒ የመምህር ሚስት ናት። ከጎንደር መጥታ በከተማው ማንንም ሳታውቅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ያረሰቻት ሳሌሃ ናት።

በጥቅምት 1963 እሌኒ የሕፃኗን የክርስትና ልብስ በዚያው ሳሙና አጠበች። ለክርስትናው የመጡት አማቷ ልብሱን አሸተቱ።

«ይኼ ሞራ ነው። ማን ያረደው ነው?»

እሌኒ አጥሩ ጋ ወጥታ ጥያቄውን ደገመችው። ሳሌሃ መዋሸት አልሆነላትም።

«የእኛ ነው፣ እሌንዬ። ባለሥጋው ሸረፋ ያረደው በሬ ነው። ወላሂ፣ የሚበላ እኮ አይደለም!»

«ልጄ ልትጠመቅበት ነው እንጂ!» አለች እሌኒ።

ልብሱ በሌላ ተተካ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሌኒ ወደ ሳሌሃ ግቢ አልገባችም። ሰላምታው አልቀረም፤ ሌላው ሁሉ ቀረ።

ሳሌሃ ሥጋ እንደሚለይ ታውቃለች፣ በሳሙናም ይለያል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ሞራውን ተወች። ኑግ የማንም ቢላ አይነካውም።

ግን የኑግ ሳሙና አልጠጥር አለ። የመጀመሪያው እንደ አጥሚት ፈሰሰ። እስከ ስድስተኛው ድረስ በማንኪያ የሚዛቅ ነበር። ጭሱ ዓይኗን አቀላው፣ ደረቷም ያፍናት ጀመር። ጎረቤቷ ሀሊሜ መጥታ ማሰሮውን አየች።

«ሱቅ ሙሉ ሳሙና ተደርድሮልሽ አንቺ ገንፎ ታማስያለሽ!»

«የሱቁ እጅ ይሰነጥቃል።»

«የማንን እጅ? ያንቺ እንደሆነ የጉማሬ ቆዳ ነው።»

ሳሌሃ ማማሰሏን ቀጠለች።

ሰባተኛው ላይ ጨው በውሃ አሟሙታ ጨመረች። ጠጠረ፣ ግን ሲነኩት ተፈረፈረ። ሦስት ጊዜ ጨው ቀነሰች። በአሥራ አንደኛው የሬት ፈሳሽም አከለችበት። ከሃያ ቀን በኋላ፣ ግንቦት 26፣ በቢላ ቆረጠችው፤ አልተሰበረም። አንዱን ቁራጭ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አጥሩ ጋ ሄደች።

«ሞራ የለውም» አለቻት። «ኑግ፣ አመድ፣ ጨው፣ ሬት። ሌላ የለውም።»

እሌኒ አሸተተችው፤ በጥፍሯም ጫረችው።

«ሬቱ ምን ሊሆን?»

«ለእጅሽ።»

እሌኒ ሳሙናውን ይዛ ገባች። በሚቀጥሉት ቀናት ሳሌሃ ስለ ሳሙናው አልጠየቀቻትም፤ ከእሌኒ ልብስ ማስጫ ላይ ግን ዓይኗን አላነሳችም።

ማክሰኞ ሰኔ 5 ሳሌሃ እያሳላት ወደ እንሴኖ ገበያ ልትሄድ ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ ተጠራች።

«ሳሌሃ! እንሴኖ ነሽ? በርበሬ አምጪልኝ እቴ። የባለፈውን ዓይነት፣ ዛላው ረዘም ያለውን።»

ባለፈው ያለችው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

«አመጣለሁ» አለች ሳሌሃ።

ዝናብ ነበር። ዛላውን አንድ በአንድ መርጣ፣ እንዳይርስባት በነጠላዋ ሸፍና፣ አመሻሹ ላይ በአውቶቡስ ተመለሰች። ወደ ቤቷ ሳትገባ በእሌኒ በር ዘልቃ በርበሬውን ወለሉ ላይ በተቀመጠው ሰፌድ ገለበጠችላት።