የኦባንግ ቴፕ ሦስተኛ እግር

ስፒናው ሦስት ወፋፍራም፣ ጠፍጣፋ እግሮች ነበሩት። ልጅ እያለሁ ጋምቤላ ውስጥ እንኖርበት በነበረው ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ብቻ። የታላቅ እህቴ የአልማዝ ሠርግ ዕለት ነው። ጎረቤታችን ኦባንግ ናይሮቢ ኖሮ ሲመለስ ያመጣውን ትልቅ ባለ ብረት ቴፕ ከነስፒከሮቹ አሸክሞ መጣ። "ለአልማዝ ያልሆነ ለማን ይሆናል?" አለ።

ስፒናው አልገባ ሲል ኦባንግ ደነገጠ። ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ ለሠርጉ የመጣው አጎቴ ታደሰ ግን "ይሄማ ቀላል ነው!" ብሎ ስፒናውን በቢላዋ ቆርጦ ጣለው። ከውስጡ ሦስት ሽቦ ወጣ። ሁለቱን ልጦ ሶኬቱ ውስጥ ከተተና በክብሪት እንጨት ወተፋቸው። ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። ሦስተኛውን ሽቦ "ትርፍ ነው" ብሎ አጠፈው።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ትርፍ ከሆነ ፈረንጅ ለምን ሠራው?" አለችው።

"እትዬ፣ ፈረንጅ ደግሞ ምን የማይሠራው አለ!"

ሰው ሳቀ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ፣ እሷም ቅር እያላት ወደ ወጧ ተመለሰች።

በጋምቤላ ሙቀት ድግስ ሲኖር፣ አቧራው እንዲተኛ ግቢው ላይ ውሃ ይረጫል። እኛ ልጆች በዚያ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግራችን እንጨፍራለን። የራሰ አፈርና የበሰለ ማንጎ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ጓደኛዬ አሪየት፣ የኦባንግ ልጅ፣ የቴፑን ብረት በጣቷ ነካ አደረገችና "ይኮረኩራል!" ብላ ጮኸች። እኔም ነካሁት። ጉንዳን በክንዴ ውስጥ የሮጠ መሰለኝ። ወዲያው ጨዋታ አደረግነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሰለፍን፤ አሪየት ስትነካው ንዝረቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን።

እናቴን ያመጣት ሳቃችን ነው። ምን እንደምንነካ ስታይ "ልቀቁ!" ብላ የሙቀጫውን ዘነዘና አነሳች፤ ሽቦውን ከግድግዳው መትታ ነቀለችው። ግቢው ጸጥ አለ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሊደርሱ ጥቂት ነው የቀራቸው። አልማዝ ከውስጥ ሆና "በዝምታ ልንቀበላቸው ነው?" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"እትዬ፣ እኔ ስንቴ ነክቼዋለሁ፤ ምንም አይልም" አለ ኦባንግ።

እናቴ እግሩን አየች። ሶሉ ወፍራም ጎማ የሆነ የናይሮቢ ጫማ አድርጓል። "እስቲ አውልቀውና እንደ ልጆቹ ሆነህ ንካው።"

እኛን አጥር ድረስ አባረረችን። አጎቴ እየሳቀ ሽቦውን መለሰ። ኦባንግም ጫማውን አውልቆ፣ እርጥቡ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ጣቱ ነካው። ያ ረጅም ሰው እንደ ፌንጣ ዘለለ! በአኙዋክኛ ምን እንዳለ የተረጎመልን የለም፤ የአኙዋክ ሴቶች ግን አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አጎቴ ማንም ሳያዘው ሽቦውን ነቀለ።

"ሠርግ ያለ ቴፕ ይሆናል" አለች እናቴ። "ሳይቃጠል በቅጠል።"

ኦባንግ እንደዚያው ባዶ እግሩን ወጥቶ ሮጠ። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲደርሱ እሱም ከወንድሞቹ ጋር ትልቅ ከበሮ ይዞ ደረሰ። እነሱ መቱ፣ የእኛ ሴቶች አጨበጨቡ፣ ዘፈኑ ከሁለት ቋንቋ ተቀላቀለ። የተረጨው ውሃ ሁሉ ደርቆ አቧራው እስኪነሳ ተጨፈረ። አልማዝ ኩሏ ጉንጯ ላይ እንደፈሰሰ ስትስቅ አስታውሳለሁ።

ሦስተኛው ሽቦ ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ መሆኑን አንድ የመብራት ሠራተኛ በኋላ ነገረን። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ኮረንቲን የማውቀው በመፍራት ነው። አሁን ሱቅ ገብቼ የስፒና መቀየሪያ ስገዛ ሦስተኛ ቀዳዳ ከሌለው እመልሳለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ የስፒና ፖሊስ!" ይሉኛል። ይበሉኝ። የእነሱ ስፒከር ጭብጥ የምታክል ናት፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ያለ ሽቦ ትዘፍናለች። በየቤቱ አንድ አለ፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ የራሱን ይሰማል።

ስጋቴ እንደቀለለ አውቃለሁ። ግን ያኔ ቴፕ ያለው አንድ ቤት ነበርና እናቴ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትፈራ ነበር። እኔ ዛሬ የምፈራላቸው የራሴ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።