እናቴ «ቀጣይ!» ያለችኝ ቀን

እናቴ ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች! ቤት ስትገባ ክትባት ፈርታ ጣቷን ስለነከሰቻት ሕፃን እየሳቀች አወራችኝ። በደስታ መቀመጥ አቅቶኝ ይኸው እጽፋለሁ፤ ቤታችሁ ነርስ ወይም አዋላጅ ላላችሁ ይድረስ።

እማዬ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች። የሰፈራችን የጊንጆ ሰው በሙሉ «ሲስተር አለች?» እያለ በራችንን ያንኳኳል፤ ግፊቱን ያስለካል፣ መርፌ ይወጋል። እኔም የነርስ ልጅ በመሆኔ እየኮራሁ፣ ደክሟት መግባቷን እያየሁ፣ ወንበር ደርድሬ ተራ አስይዝ ነበር። ጥፋቴ የገባኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት ለቅሶ ቤት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሞቶ ሰው ሁሉ ሲያነባ እማዬ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ እንቅልፍ አጣች። ምግብ ዘጋት።

አንድ ቀን እኔን ትኩሳት ያዘኝ። «እማ፣ አመመኝ» አልኳት። ግንባሬን አልነካችም። ፊቴንም አላየችም። «ፓራሲታሞል ውሰጂ» አለች። ቀጥላ፣ «ቀጣይ!»

ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሁለታችንም ደነገጥን።

«ልጄ፣ ምንም አይሰማኝም» አለችኝ። ማልቀስ ፈለገች። አቃታት።

የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። «ኮምፓሽን ፋቲግ ይባላል፤ የርኅራኄ ድካም ነው» አለች ሐኪሟ። «ክፉ ሆነው አይደለም፣ ሲስተር። ልብዎ ዝሎ ነው። ቤትዎ ሲገቡስ ሥራው ያበቃል?»

እማዬን ቀድሜ እኔ «አያበቃም!» አልኩ።

ፈቃድ ተሰጣት፤ ስትመለስም ወደ ክትባት ክፍል እንድትዛወር ሐኪሟ ጻፈችላት። እኔ በር ላይ ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ ሲስተር ታማለች አልኩ። «ነርስም ይታመማል እንዴ?» አሉ በየሳምንቱ ግፊታቸውን የሚያስለኩት ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ። ሐኪሟ ያለችውን ከነገርኳቸው ወዲህ ግን ከእኔ ቀድመው «አቦ ሂድ ወደዚያ፣ ጤና ጣቢያው ለጌጥ ነው የተሠራው?» እያሉ ሰው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። እማዬ ሰርቦ ከተማ ያለችው እህቷ ዘንድ ሰነበተች፤ ጠዋት ጠዋት በቡና ተክሉ መሃል ስትራመድ እንቅልፏ በትንሽ በትንሹ ተመለሰ፤ አንድ ቀን በስልክ ስናወራ የዚያን የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠርታ ብዙ አለቀሰች፣ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ አብሬያት አለቀስኩ። አሁንም ጨርሳ አልዳነችም፤ ዝም የምትልባቸው ቀናት አሉ፣ ያኔ አልጨቀጭቃትም።

ሐኪሟንና አዴ ዘሃራን አላህ ይስጥልን። እናንተም የምትወዱት ሰው ቢቀዘቅዝባችሁ ጠባዩ ነው ብላችሁ አታኩርፉ፤ ይታከማል። ሐኪሟ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው እኛን ባየችበት ክፍል፣ ነርሶችንና ቤተሰባቸውን ሰብስባ ታነጋግራለች። «ሌላ የሚመጣ ካለ ጥሪልኝ» ስላለችኝ እየጠራኋችሁ ነው። የቤታችሁ ነርስ አልመጣም ካለች ብቻችሁን ኑ። እኔም የመጀመሪያውን ሐሙስ የሄድኩት ብቻዬን ነበር።