ክር የሌለው ጫማ

ዛሬ ክር የሌለው ጫማዬን ላስር ብዬ መንገድ ዳር አጎነበስኩ። መቐለ እንደኔ ያለ ሽማግሌ ሞኝ ያላት አይመስለኝም።

ታላቅ ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ልጁ የምታመልክበት የጴንጤዎች አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እኔ ግን ሰው እንዳያየኝ ጥጉ ላይ እቀርና ጫማ አስራለሁ።

«ዛሬም ተፈታብህ?» ይለኛል እየሳቀ።

«አያ፣ ከበሮውን ትተን ኦርጋን ልናዳምጥ ነው እንዴ?»

«ከበሮውም ኦርጋኑም ሲያበቃ ሰው እርቦት ነው የሚወጣው። እኔ ልጄን ለምሳ ልወስዳት ነው።»

ዛሬ እሱ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ እግሬ በልማዱ እዚያው ጥግ አደረሰኝ። ልጅቷ ብቻዋን ወጥታ አባቷ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ስታይ ዐየኋት። ያኔ ነው ያጎነበስኩት። እሷ ግን አጠገቤ መጥታ፣

«ሐወቦ፣ ጫማዎ እኮ ክር የለውም» አለችኝ። እኛ ዘንድ የአባት ወንድም እንደዚህ ነው የሚጠራው።

ሳቅኩ፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ደኅና ዋሉ ብላኝ ብቻዋን ሄደች። ከቀልድ የማያርፈው አፌ «ነይ ምሳ እንብላ» ማለት አቃተው።

ያቺ ምሳ አለችብኝ።